ቦንቱ የተሸከመችው ድንጋይ

ቦንቱ ድንጋይ ተሸክማ ከኦቦ ቶሎሳ እግር ሥር የወደቀችው ባላጠፋችው ጥፋት ነው። ላሟ ጽንሷን የጣለችው በእሷ እጅ አይደለም። ያን ቀን የላሟን አፍንጫ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ደግሞ ዝም እንዳለ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ «ዕርቅ ነው፣ ይለፍ» ብለው ሲመርቁ አሜን አላልኩም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሚቆጣኝ አለቃ የለም። አሜን ያላልኩበትን ምክንያት ከሥራ ዘመኔ ጋር አብሬ እጽፈዋለሁ።

አስካለ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሥራዬ ከብት መያዝ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ «ከብት መያዝ ደግሞ ሥራ ሆነና!» ይላል። ሐኪም መርፌ ሲወጋ፣ ተማሪ ሲለማመድ፣ ጥጃ አልወጣ ብሎ ሲሳብ፣ ላሟ እንዳትራገጥና እንዳትወድቅ የሚይዝ ሰው ካልኖረ ሁሉም ነገር ቀረ ማለት ነው። ሰበታ ጀመርኩ፣ ቡራዩ ሠራሁ፣ ሱሉልታ ጨረስኩ። እኔ በያዝኳት ላም ተረግጦ ሆስፒታል የገባ ተማሪ የለም። ይህን ስናገር አላፍርም።

ሰበታ የገባሁት በአንድ የግል የወተት እርባታ ውስጥ አላቢ ሆኜ ነው። ወደ መያዝ ያሸጋገሩኝ ጋሽ ወርዶፋ የሚባሉ አዳቃይ ናቸው፤ ላሞቹን የሚያዳቅሉትም፣ መፅነሳቸውን የሚያዩትም፣ ሲወልዱ የሚያዋልዱትም እሳቸው ነበሩ። ጠዋት ከቁርስ በፊት በትንሽ መቀስ ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ። ከዚያ «አምጡ» ይሉና የሁላችንንም እጅ እየገለበጡ ያያሉ። ጥፍሯ ያደገ ልጅ ያን ቀን ላም አትነካም፣ በረት ትጠርጋለች። ላም ጋ ሲቀርቡ ከሩቅ ይጠሯታል፤ ድምፃቸውን ሳትሰማ ከኋላዋ አይመጡም። ከብት የሚያናግሩት በኦሮምኛ ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣

«አማርኛ ለአለቃ ነው» አሉኝ፤ «ላሟ አለቃ አይደለችም።»

እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲሰዱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በዚያ ሰዓት ማንም አይተነፍስም። እጃቸውን ካወጡ በኋላም ያገኙትን ወዲያው አይናገሩም። መጀመሪያ ይታጠባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ከዚያ ነው «ፀንሳለች» ወይም «ባዶ ናት» የሚሉት። «እጅ ቸኩሎ ያወራውን አፍ ሲያስተባብል ይኖራል» ይሉ ነበር። ቸኩለው ሲናገሩ አንድም ቀን አልሰማኋቸውም።

መያዝን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ወደ አፍንጫዋ ቀዳዳ ይገባሉ፤ አይቆነጥጡም፣ ይይዛሉ እንጂ። አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል፣ አገጯ ቀና ይላል። በመራገጥ የምታስቸግር ከሆነች ጭራዋ ከሥሩ ተይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል፤ ያኔ እግሯን ማንሳት ይከብዳታል። ጭራውን የሚጠመዝዝ ሰው ግን ከብቱን ሳይሆን ንዴቱን ነው የያዘው። ኮርማ መያዝ ለወንዶች ብቻ ነው ብሎ አንድ የእርባታው ኃላፊ ሲከለክለኝ፣ ጋሽ ወርዶፋ ገመዱን ከወንዶቹ እጅ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝና ኃላፊውን «ኮርማው ቅር አላለውም፤ አንተን ምን ነካህ?» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልከለከለኝም።

ቡራዩ የሠራሁት በእንስሳት ጤና ኬላ ነበር፤ ደሞዙም ወረቀቱም እንደየትም ነው፣ አላወራውም። የገባሁበትን ትቼ የወጣሁበትን ላውራ። አንድ ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ምጥ የጠናባትን ላሟን ይዛ ከንጋት ጀምራ ቆማለች። በኋላ አንድ ባለጠጋ ሦስት ጊደሮች ጭኖ መጣ፤ የኬላው ኃላፊ ወጥቶ ተቀበለውና «የእሱን አስቀድሙ» አለኝ። እኔ የሴትዮዋን ላም አስገብቼ ያዝኩ። «አልሰማሽም?» አለኝ። «ሰምቻለሁ፤ ላሟ ግን ቀድማ መጥታለች» አልኩት። በሚቀጥለው ወር ለቅጣት ብሎ ሱሉልታ ወደሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እርሻ አዛወረኝ። የትውልድ መንደሬ አጠገብ! እንዲህ ያለ ቅጣት ለወዳጅም ይድረስ።

ኮሌጁ ውስጥ ተማሪ ማለት ምን እንደሆነ አየሁ። ሽቶ ተቀብቶ በረት የሚገባ አለ፤ ላም ሲያስነጥሳት አጥር ዘሎ የሚሸሽ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ልጅ እስከ ትከሻው ጓንት አጥልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እማማ አስካለ፣ አገኘሁት!» ሲል ፊቱ ይበራል። የላም ማህፀን ሁለት ቀንድ አለው። ባዶ ሲሆን ሁለቱ ይመጣጠናሉ፤ ስትፀንስ አንደኛው ይወፍርና ቀጭን ፊኛ ውስጥ ውሃ የተቋጠረ ይመስላል ይላሉ። ይላሉ የምለው እኔ እጄን ሰድጄ ስለማላውቅ ነው። የእኔ ቦታ ጭንቅላቷ ጋ ነው። መምህሩ ዶክተር ኤልያስ ደግሞ ከማስተማሩ ሌላ የጡት በሽታ ያጠና ነበር፤ የእርሻውን ላሞች ወተት እየቀዳ፣ እያየ፣ እያስቀመጠ፣ የትኛዋ መቼ እንደምትታመምና ለምን እንደሆነ ይከታተላል። እኔ እይዝለታለሁ፣ እሱ ይቀዳል። ጥናቱ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ኮሮና ገባ። ተማሪዎቹ በአንድ ቀን ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጡ። ላሞቹን «ቤታችሁ ግቡ» የሚላቸው የለም፤ ቤታቸው እዚያው ነው። እኔና የጥበቃ ሠራተኛው ቀረን። ድርቆሽ የሚያመጣው መኪና ቀረ፣ ፉርሽካ ጠፋ፣ የላሞቹ የጎን አጥንት ይቆጠር ጀመር። በመጨረሻ ኮሚቴ ተሰብስቦ ይሸጡ ተባለ። ዶክተር ኤልያስ ጭንብሉን እንዳደረገ መጥቶ የጥናቱን ላሞች ብቻ እንዲተዉለት ለመነ። «ጥናት ይደገማል» አሉት። ላሞቹ ሲወጡ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ጥናት ሽሮ አይደለም፤ ከእሳት አውርደው ነገ መልሰው አይጥዱትም» አለኝ።

በማቀዝቀዣ ያስቀመጠው ወተትም መብራት ጠፍቶ፣ የሕንፃውን በር የሚከፍት ሰው ጠፍቶ ተበላሸ። ያ ጥናት እስከ ዛሬ አላለቀም።

ትምህርቱ በቴሌግራም ነው ተባለ። አንድ ቀን ዶክተር ኤልያስ ጆንያ ይዞ መጣ። ውስጡ ውሃ የተሞሉ ፊኛዎች ከቷል። «እማማ፣ ይያዙልኝ፤ ቪዲዮ ልቀዳ ነው።» ስንት ኮርማ የያዝኩ ሴትዮ ጆንያ ያዝኩ! እሱ እጁን ወደ ጆንያው እየሰደደ በስልኩ ካሜራ ያስረዳል፤ እኔ «ሱታ፣ ሱታ» እላለሁ፣ ላም ማረጋጊያ ነው፣ ቀስ ማለት ነው። ለካ ድምፄ አብሮ ተቀድቷል። ተማሪዎቹ ሲመለሱ ሲያዩኝ ሁሉ «እማማ፣ ጆንያዋ ደህና ናት?» እያሉ አበሸቁኝ።

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ቦንቱ፣ ያን ቪዲዮ አላየችም። ቤተሰቦቿ ከጫንጮ ወዲያ ናቸው፤ ስልኳ የሚያወርድላት ድምፁን ብቻ ነበር። ታዲያ ምን አደረገች? ለፋሲካ ጎረቤቱ ለቅርጫ ላም ሲያርድ ከአባቷ ጋር ሄደች። ሰው ጉበቱን፣ ጨጓራውን ሲሻማ እሷ ማህፀኑን ለመነች። ቅርጫው ላይ የነበሩት ሰዎች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ዩኒቨርሲቲ የላካችኋት ልጅ ጾሙ አዞረባት!» አሏቸው አባቷን። እሷ ግን አጥባ ፌስታል ውስጥ ከተተችው፤ ዓይኗን ጨፍና የዶክተሩን ድምፅ እየሰማች፣ ቀንዱን በጣቷ ትፈልጋለች። በየበዓሉ፣ በየተዝካሩ፣ ላም በታረደበት ሁሉ እንዲህ አደረገች። አንዴም ፅንስ ያለበት ደርሷታል። ይህን ያጫወተችኝ እኔው ጠይቄያት ነው፤ ቦንቱ ቀድማ የምታወራ ልጅ አይደለችም።

ተማሪዎቹ ሲጠሩ ወራቱ ተጨፍልቆ ነበር፤ የዓመቱን በጥቂት ሳምንት ጨርሰው ይመረቁ ተባለ። በረቱ ደግሞ ባዶ። ዲኑ ቢሮ ገባሁ።

«በቪዲዮ ተምረዋል እኮ፣ እትዬ አስካለ» አሉኝ።

«በጆንያ የተማረ ጆንያ ያክማ!»

«ላም ከየት ላምጣ? ልውለድ?»

«ዳበሬ እንለምናለን» አልኳቸው።

ዳበሬ የአካባቢያችን ልማድ ነው። ላም የሌለው ቤት ካለው ቤት ላም ይዋሳል፤ ያበላታል፣ ይንከባከባታል፣ ያልባታል፤ ላሟም የምትወልደው ጥጃም ግን የባለቤቷ ናቸው። ዲኑ ሳቁ፣ ከዚያ «ሂጂ ሞክሪ» አሉኝ።

በየደጁ ዞርኩ። ሰዉ ኮሮና ፈርቶ ከአጥር ውጭ ያቆመኛል። ከሩቅ «አካም ጅርቱ?» ብዬ ደህንነታቸውን እጠይቃለሁ፤ «ነጋ፣ ደህና ነን፤ እዚያው ሁኚ!» ይሉኛል። «ኮሌጅ ላም ይለምናል እንዴ? ጉድ!» አሉ። «አዎ፣ ድሃ ሆነናል፤ የላም ድሃ። ልጆቹ ዛሬ ካልተማሩ ነገ የእናንተን ከብት ማን ያያል?» አልኳቸው። ድርቆሽ የተወደደበት ጊዜ ነበር፤ ኮሌጁ ለዳበሬ ላሞች መኖ አግኝቶ ነበርና ያም ረዳኝ። አምስት ቤት እሺ አለኝ። ከአምስቱ አንዱ ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ፤ በመንደሩ የተከበሩ፣ ከብታቸውን እንደ ልጅ የሚያዩ ሰው። ላማቸውን ራሳቸው ነድተው አመጡ።

ዶክተር ኤልያስ በዚያ ሳምንት በኮሮና ተይዞ ቤቱ ተዘግቶበት ነበር። ሌላ መምህር አልነበረም፤ ቀኑም አይጠብቅም። ስለዚህ ስልኩ አጥሩ እንጨት ላይ ታሰረ፤ እሱ እየሳለ ከቤቱ ይመራቸዋል። እኔ ላሟን ያዝኩ። ኦቦ ቶሎሳ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

«አባቴ፣ ላሟ ፀንሳለች?» አለ ስልኩ።

«ባዶ ናት» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «ካለፈው ዓመት ወዲህ ኮርማ አላየችም።»

«እንግዲያው አትፍሩ፤ ቀንዶቹን እየጨበጣችሁ ለዩ» አለ ስልኩ። ባዶ ላም እንዲህ ብትነካ ችግር የለውም። የፀነሰች ብትሆን እንዲህ አይልም ነበር።

አራት ተማሪዎች ተራ በተራ ገቡ። ያላቸው ልምድ የቪዲዮ ነው፤ ይፈልጋሉ፣ ይጨብጣሉ፣ «ባዶ» ይላሉ። ላሟ አፍንጫዋን ከእጄ ትነጥቅ ጀመር። አምስተኛዋ ቦንቱ ናት። ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። ከዚያ እጇን ሰው ከተኛ ሕፃን ሥር እንደሚያወጣ ቀስ አድርጋ አወጣች። ታጥባ ሳትጨርስ አልተናገረችም። ጋሽ ወርዶፋን አታውቃቸውም፤ እኔ ግን እሳቸውን ያየሁ መሰለኝ።

«ማንም እንዳይነካት። ፀንሳለች» አለች።

«የቅርጫዋ ሐኪም!» ብለው ሳቁ ወሬዋን የሰሙት ልጆች።

«አቁሙ!» አለ ስልኩ። «ቦንቱ ካለች አቁሙ።» ወዲያው ላሟን ፈታኋት። ኦቦ ቶሎሳን አየኋቸው። ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ላሟ ጨነገፈች። በሥራ ዘመኔ የያዝኳት ላም እንዲህ ስትሆን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ብዙ ነገር የተጋገዘበት ውድቀት ነው፤ መምህሩ ታሟል፣ እጆቹ አልሠለጠኑም፣ የተነገረን ቃልም ሐሰት ነበር። ለባለቤቱ ሊነገር ይገባል ስል ቦንቱ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ሄድን። ኦቦ ቶሎሳ እኔን አላዩኝም፤ እሷን አዩ።

«ጥጃዬን ያወጣችብኝ ይህቺ የኮሮና ሐኪም ናት» አሉ ጎረቤት እየሰማ። «ላሜ እንዲህ የሆነችው የእሷ እጅ ከወጣ በኋላ ነው።»

ወሬ በመንደራችን ከእሳት ይፈጥናል። «የኮሮና ባች» የሚለው ስም ለሁሉም ልጆች ወጣ፤ «ጥጃ አውጪዋ» ደግሞ ለቦንቱ። ሌሎቹ አራት ቤቶች ላሞቻችንን መልሱ አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ዶክተር ኤልያስ በስልክ «ኃላፊነቱ የእኔ ነው፤ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ» ብሎ ለመነ። «በስልክ ዕርቅ የለም» አሉት። ኮሌጁ ካሳውን ከፍሏል፤ እሱን ማንም አልተከራከረም። ሽማግሌዎቹ የፈለጉት የባለቤቱ ልብ እንዲበርድ ነው፤ ለዚህም የወሰኑት ልጅቷ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ እንድትል ነው።

ተነሳሁ። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ባዶ ናት ያሉን ጊዜ መፅነሷን ያውቁ ነበር?»

ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞሩ።

«አስካለ፣ ተቀመጪ» አለኝ አንዱ ሽማግሌ። «ለዕርቅ ነው የመጣነው፣ ለክስ አይደለም።»

«ሳይጠየቅ የታረቀ ነገር ተቀበረ እንጂ መቼ ታረቀ!» አልኩ። ቦንቱ ቀሚሴን ሳበችኝ።

«እማማ፣ ይተዉት» አለች በጆሮዬ። «ላሞቹ ከሄዱ ሁላችንም በጆንያ ነው የምንመረቀው።»

ድንጋዩን አነሳች። ወደቀች። ኦቦ ቶሎሳ «ተነሺ» አሏት፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ላሞቹም ኮሌጁ ጋ ቀሩ። ተማሪዎቹ ሁሉ፣ የሳቁባት አራቱም ጭምር፣ በእነዚያ ላሞች ተማሩ። የፀነሰችውን ካልፀነሰችው ለይተው፣ መርፌ ወግተው፣ ጡት መርምረው ተመረቁ። የኮሮና ባች የሚላቸው ሁሉ ይስማ፦ ለእነዚያ ልጆች ላም የያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ ያልተማሩ አይደሉም። ትምህርት ሲዘጋባቸው ከቅርጫ ላይ ለምነው፣ ከጎረቤት ተውሰው የተማሩ ናቸው።

ጡረታ ወጣሁ። ኦቦ ቶሎሳን ባገኘሁ ቁጥር ግን ጥያቄዬን ጠየቅኳቸው። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ያውቁ ነበር?» እሳቸው መንገድ ይቀይራሉ። ሰው ይስቃል፤ «አስካለ መጣች፣ ጥያቄዋን ይዛ!» ይላል። የገዛ ልጄ «እማ፣ በቃ እኮ፤ ሽማግሌ ነው፣ ተዪው» አለችኝ። «እኔስ ምንድን ነኝ? ኮረዳ?» አልኳት።

ቦንቱ ሰበታ አንድ እርባታ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ በቅርቡ እኛው መንደር ጤና ኬላ ተመደበች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ነገር ግን ሰው ከብቱን አላመጣም። የኬላው በር ተከፍቶ ይውላል፤ ሰዉ የታመመ በሬውን በበሩ ፊት እየነዳ ጫንጮ ድረስ ይወስዳል። የግብርና ቢሮው ሌላ ቦታ ሊያዛውራት አሰበ። እንዲህ ሆና ከሄደች ደግሞ ያ ስም የትም ይከተላታል። ስብሰባ ተጠራ፤ ቦንቱ ከፊት ተቀምጣለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«ለምንድን ነው የማትጠቀሙባት?» አለ የቢሮው ሰው።

«የኦቦ ቶሎሳን ጥጃ ያወጣችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አለ አንዱ ጎልማሳ። ብዙዎች አጉረመረሙ።

ተነሳሁ። ሳቅ ተጀመረ፤ ምን እንደምል ሁሉም ያውቃል። «ኦቦ ቶሎሳ እዚህ አሉ» አልኩ። «ለእኔ መመለስ አይጠበቅባቸውም። የዚህች ልጅ እንጀራ ግን በእሳቸው ቃል ላይ ነው ያለው። ኦቦ ቶሎሳ፣ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር?»

በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። ከወትሮው አርጅተዋል። ወደ ቦንቱ ዞረው አዩአት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«አውቅ ነበር» አሉ። «የከበደች ላም ከብዳለች ተብሎ ለሰው ይነገራል እንዴ? ዓይን ፈርቼ ባዶ ናት አልኩ። ኮሌጁ ያበላልኛል፣ ወፍራ ትመለሳለች ብዬም ነው። አራቱ ልጆች ሲጨብጧት አጥሩን ተደግፌ እያየሁ ነበር። አቁሙ ማለት ነበረብኝ፤ ዓይን ነው የሚጎዳ፣ እጅ ምን ያደርጋል ብዬ ዝም አልኩ። እንዲያውም ሳያውቁብኝ ሊጨርሱ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ይህቺ ልጅ ገባችና የደበቅሁትን አወቀች። የተናደድኩባት ለጥጃው አልነበረም፤ አስካለ፣ የተናደድኩባት ስላወቀች ነው።»